በታየች በቅሎ የተገባ ውርርድ

ፈንታ በሚስቱ በቅሎ ሲወራረድ ሚስቱ አጠገቡ አልነበረችም። ብትኖርማ መች ይደፍር ነበር! ታየች በማለዳ ደብረ ማርቆስ ገበያ ሄዳለች። እግሯን ስለሚያማት «ለመልሱ በቅሎዬን ይዘህልኝ ና» ብላ አዛዋለች። በቅሎዋ አባቷ ከደብረ ወርቅ ሲድሯት የሰጧት ናት፤ ባልና ሚስቱ በተጣሉ ቁጥርም ታየችን ወደ አባቷ ቤት የምታደርሳት እሷው ናት።

ፈንታ ከከተማው መግቢያ ድልድይ ሲደርስ ከወዲህ በኩል ሰው ተኮልኩሏል። ጣልያኖች ወታደሮቻቸውን በብስክሌት ሊያሽቀዳድሙ ነው አሉ። ከድልድዩ ተነሥተው አምበር ደርሰው ይመለሳሉ፤ ድልድዩን ቀድሞ የተሻገረ አሸነፈ። ስድስቱ በቁምጣ፣ ጭናቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ እያንሿሹ አለፉ።

«የሚቀድመው ያ ቀጭኑ ነው» አለ ፈንታ፣ የጠየቀው ሳይኖር። «ሥጋ የለበትም፤ ጅማት ብቻ ነው። ትንፋሹን አያችሁልኝ? አፉን ገጥሞ ነው ያለፈው።»

«የማነህ አዋቂ!» አለ እንዳላማው፣ በድንበር አሥራ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት ያመላለሰው ጎረቤቱ። «ቀጭንማ ነፋስ ይወስደዋል። የሚቀድመው አንገተ ወፍራሙ ነው። ዳገት የሚገፋው ታፋ ነው!»

«ታፋ ለበሬ ነው!»

«ሳንባም ለዋሽንት ነው!»

አለቀ። ሁለቱም ጋቢያቸውን አደግድገው ዱላቸውን ጨበጡ። ሙግት ከተጀመረ ዳኛ ያስፈልጋል፤ መንገደኛ ደግሞ ዳኝነት ሲጠየቅ እምቢ ማለት ነውር ነው። ጨው የጫኑ አህዮች የሚነዳው ነጋዴ ሐምዱ ክፉ ቀን ጥሎት በዚያው ሲያልፍ ያዙት።

«ነጋድራስ፣ ይዳኙን!»

«ኧረ አህዮቼ ተጭነው ቆመዋል!» አለ ሐምዱ፤ ቢሆንም ሹመቱ ደስ ሳይለው አልቀረም፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«በገንቦ ማር!» አለ ፈንታ።

«በሙክት!» አለ እንዳላማው።

«በወይፈን!»

«በበቅሎ!» አለ እንዳላማው፣ ከዛፉ ሥር የታሰረች በቅሎውን በዱላው እያሳየ።

«በበቅሎ!» አለ የፈንታ አፍ። ልቡ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ልጓሙን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ወይ ጉድ! ታየችን ምን ሊላት ነው?

ከዚያ ወዲያ ሰዓቱ አልገፋ አለው። የገዛ ወንድሙ ጫካ ገብቶ ጣልያን ያድናል፤ እሱ እዚህ ቁጭ ብሎ ለአንድ ጣልያን እግር ይሳላል። «ማርቆስ ሆይ» አለ በሆዱ፣ «ያን ቀጭን ሰው በደኅና አምጣልኝ፤ ጥላ አገባለሁ። ነገ እንደፈለግህ አድርገው፤ ዛሬን ብቻ!»

በመጨረሻ ከአምበር በኩል አቧራ ተነሣ። ሰው እንጂ ብስክሌት አልነበረበትም። አርበኞች መንገድ ላይ ጠብቀው ብስክሌቶቹን ተቀብለው፣ ጌቶቹን በእግራቸው ሸኝተዋቸዋል። ሕዝቡ ሳቁን በጋቢው አፈነ። ፊት ፊት የሚሮጠው አንገተ ወፍራሙ ነበር፤ እንዳላማው ይዘል ጀመር። ቀጭኑ በአንድ ጫማ እያነከሰ ከኋላ ይጎተታል።

ቀጭኑ አጠገቡ ሲደርስ ግን በቅሎዋን አያት። ልጓሙን ከፈንታ እጅ መንጭቆ ጉብ አለባት።

«በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ ፈንታ። በዚህ ቃል የማይቆም ጎጃሜ የለም፤ ጣልያኑ ግን ጎጃሜ አይደለም። በቅሎዋ ሽምጥ ጋልባ አንገተ ወፍራሙን አለፈችና ድልድዩን ተሻገረች።

«እሰይ! ... ኧረ በቅሎዬን!» አለ ፈንታ በአንድ ትንፋሽ።

«የቀደመችው በቅሎ ናት እንጂ ሰውየው አይደለም!» ብሎ ተነሣ እንዳላማው።

«ቀድሞ የተሻገረ ተባባልን እንጂ በምን እንደሚሻገር ተባብለናል?»

ሐምዱ ጢሙን ዳሰሰ። «ፈንታ ረትቷል» ብሎ ፈረደ።

ይህን ጊዜ ታየች እያነከሰች ከከተማው በኩል ድልድዩን ተሻገረች። «ፈንታ! በቅሎዬ ላይ ጭኑን ገልጦ የተቀመጠው ማነው?»

«ጣልያን ነጠቀኝ!» አላት፤ እውነቱን ነው።

«ውይ በሞትኩት! አንተን አልነካህም?» ትከሻውን ዳበሰችው። ፈንታ ተነፈሰ። ዳነ!

እንዳላማው ግን ሰው ነውና በቅሎውን እየሳበ መጣ። «ተረትቻለሁ። እንካ፣ ተቀበለኝ።»

ፈንታ በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳላማውን ረትቷል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ! «የምን በቅሎ?» አለ፣ ጥርሱን ነክሶ። «ሰው ተሳስተህ እንዳይሆን።»

እንዳላማው ታየችን አየ፤ ገባውና ፈገግ ብሎ በቅሎውን ወደ ኋላ ይስብ ጀመር።

«ቆይ!» ብሎ ተነሣ ሐምዱ። «ጨዌን ፀሐይ ላይ አስጥቼ የፈረድኩትን ማን ነው የሚሽረው?» ብሎ ከማሩ ጀምሮ እስከ በቅሎው፣ አንድም ሳያስቀር፣ ሁሉንም ዘረዘረው።

ታየች እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ከእንዳላማው እጅ ልጓሙን ተቀብላ ወጣችና ተደላደለች።

«ይቺ የኔ ናት። ያቺንም ከጦር ሠፈሩ ይዘህልኝ ትመጣለህ፤ ካላመጣህ ደብረ ወርቅ ፈልገኝ።»

«ኧረ ታዩ፣ ጣልያንን ምን ብዬ ልጠይቀው?»

«ደጋፊህ ነኝ በለዋ!» አለችው፣ ሳትዞር።