የባባ መኪና ዜማ

አውሮፕላን ጠጋኝ መኪና ሲይዝ አያድርስ ነው። ምትኩ ከአሮጌዋ የስፖርት መኪና ሥር ተንጋሎ፣ አንዱን ቡለን አጥብቆ ሲያበቃ ተመልሶ ይነካካዋል። ዓርብ ነው። ቢን ኦምራን ካለው የጸሎት ኅብረት በቀጥታ የመጣው ለታላቅ እህቱ ለአስናቀች ብሎ ነው፤ በዚህ በዓረብ አገር፣ አል ገራፋ ሰፈር ባለው ቪላ ሽማግሌውን ባባንና ባለቤታቸውን ማዳምን የምትንከባከበው እሷ ናት።

ባባ መርሳት ጀምረዋል። መኪናዋ በሙቀቱ ወራት ከቆመች ወዲህ እዚያው አጠገቧ ተቀምጠው፣ "መኪናዬ የታለች?" ይላሉ። ይቻት ቢሏቸው አያምኑም። ልጆቻቸውም፣ ካላወቋት ምን ታደርጋለች፣ ትሸጥ ብለዋል። አስናቀች ሆዷ አልቻለም። መኪናዋ ከሄደች ባባም የሚከተሏት መስሏታል።

"ስትሄድ ያውቋታል፣ ኢንሻአላህ" አለች።

የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዲፍረንሻል ጥርሱ አልቆ፣ በመጨረሻ ተሰብሮ ነበር። ምትኩ የእሱን ምትክ ከውጭ አስመጣ። በክሪክ ወደ ቦታው ቀስ ብሎ ከፍ አደረገው፤ ከመግጠሙ በፊትም እንደ ልማዱ እጁን ጭኖበት ጸለየ። "አሚን" አሉ ባባ ከወንበራቸው። ለምን እንደሆነ አላወቁም፣ ግን ከልባቸው ነበር።

አመሻሹ ላይ ምትኩና ባባ በመኪናዋ ወጡ። ጣራዋ ክፍት ነው። ሰማዩ አቧራ አዝሎ ወተት መስሏል፤ የግቢዎቹ ነጭ አጥሮች ከመሬት የተነሡ ይመስላሉ፤ መንገዱ ራሱ እየፈሰሰ የሚወስዳቸው እንጂ የሚነዱ አይመስልም። ድሮ ምትኩ እህቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ከሩቅ የሚሰማው የአሮጌው ዲፍረንሻል እንጉርጉሮ ጨርሶ ጠፍቷል። ደስ አለው። እሱ በሚሠራበት የአውሮፕላን መጠገኛ ሃንጋር ድምፅ ማለት ሕመም ነው።

"ልጄ፣ መኪናዬ የታለች?" አሉ ባባ።

"እላይዋ ነዎት፣ ባባ።"

"ይቺ አይደለችም። የእኔዋ ታዜማለች። ዜማዋን ሰምታ ነው አሮጊቴ በር የምትከፍትልኝ።"

ምትኩ አፈረ። ያ ሁሉ ጥንቃቄ፣ ያ ሁሉ ጸሎት፣ ለካ የሽማግሌውን መኪና አፍ ለመዝጋት ኖሯል። አሮጌው ዲፍረንሻል እንዳይመለስ ተሰባብሯል። ነገ ደግሞ ልጆቹ መኪናዋን ሊሸጡ ይመጣሉ።

ጥቂት ነዳ። ከዚያ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ በኅብረቱ መዘምራን መካከል ወፍራሙን ድምፅ የሚይዝበትን ጉሮሮውን ጠረገና ማንጎራጎር ጀመረ። ፍጥነት ሲጨምር ድምፁን ከፍ፣ ሲቀንስ ዝቅ። ልክ እንደ ድሮው ዲፍረንሻል። ባባ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው አደመጡ። ቀጥሎ እሳቸውም ገቡበት፤ ምትኩ የሳተውን ቦታ ሳይቀር አረሙለት። እጃቸው የመኪናዋን በር እየዳበሰ ነበር።

"መጣች" አሉ በመካከሉ።

እያዜሙ ወደ ግቢው ሲታጠፉ በሩ ተከፈተ። የከፈተችው አስናቀች አልነበረችም። በጉልበታቸው ሕመም ከሳሎን ሳይወጡ ወራት ያለፋቸው ማዳም ናቸው፤ አንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዟል።

"ዛሬስ አመሸህ" አሉ ባላቸውን።

ምትኩ ሞተሩን አጠፋ። እንባው እየወረደ፣ ባባ እስኪወርዱ ድረስ ማንጎራጎሩን አላቆመም።