መነጽሩን ያዢልኝ

«አባ፣ ነገ ለሣልስቱ ጸሎት ስንት ሰዓት ይመጣሉ?» አለች ሰምሃር።

አባ ዘርኡ ከድንኳኑ ደጃፍ ቆመው ጃንጥላቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ትናንት አባቷን ፈትተው የቀበሩት እሳቸው ናቸው። ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነበሩ፤ ንፍሮ ቀምሰዋል፣ ለመጣው ሁሉ መስቀል አሳልመዋል። አሁን ግን ከእሷ ይልቅ መንገዱን ማየት መረጡ።

«እስቲ እናያለን፣ ልጄ።»

«ምኑን ነው የምናየው?»

«እስቲ እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው በጊዮርጊስ በኩል ሽቅብ ሄዱ።

«እስቲ እናያለን» ሰምሃር ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጠላው መልስ ነው። በዚህ ከተማ እምቢ ማለት የፈለገ ሰው ሁሉ እንደዚያ ይላል። ወረዳው ይለዋል፣ አከራይ ይለዋል። አባቷ አጽብሐ ግን ዕድሜውን ሙሉ ንስሐ የገባው እኚህ ሰውዬ ጋ ነው። የነፍስ አባት ለገዛ ልጁ ሣልስት እስቲ እናያለን ሲል ሰምታ አታውቅም።

ድንኳኑ የተተከለው የጎረቤቶቻቸው ቤት በነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ነው። ፒያሳ ሲፈርስ ከግቢው የተረፈችው የእነሱ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ብቻ ነበረች። ጎረቤቶቹ ከየተበተኑበት ኮንዶሚኒየም ታክሲ እየቀያየሩ ይመጣሉ፤ አልቅሰው ሲያበቁ ደግሞ ስለ ድሮ ቤታቸው ይከራከራሉ።

«እዚህ ጋ ነበር የእኔ ማድ ቤት።»

«ውሸት! የጋራ ሽንት ቤቱ ነው እዚህ የነበረው። ላዩ ላይ ነው የተቀመጥሽው።»

ሰምሃር ቡና በፔርሙስ ይዛ በመካከላቸው ስታልፍ ከኋላ ያሉ ሁለት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አንዲት ቃል ግን አመለጠቻቸው፤ «ክዶ ነው አሉ።»

ዞር አለች። ሁለቱም ነጠላቸውን አስተካከሉ።

በወንዶቹ በኩል ጋሽ ዘይኑዲን ወንበር ስበው ተቀምጠዋል። ወደ ውቤ በረሃ በሚወስደው መንገድ ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣሉ፤ የድንኳኑን አምፖልና ሽቦ ያመጡትም እሳቸው ናቸው። ሐዘንተኛን ማጫወት ግዴታዬ ነው ብለው ከሚያምኑ ሰዎች አንዱ ናቸው።

«ይኼ ሰውዬ እኮ» አሉ፣ «ባንክ ቤቱ በጡረታ ከሸኘው በኋላ አንድ ቀን ሱቄ መጣ። ‹ትምህርት ጀመርኩ› አለኝ። በኢንተርኔት ነው አሉ። ዕቅበተ እምነት ይባላል፤ ሃይማኖትን ከሚቃወም ሰው መከላከል። ‹ከማን ነው የምትከላከለው?› ስለው ‹ለጊዜው ካንተ› አይለኝም!»

ሰው ሳቀ።

«የቤት ሥራው ደግሞ ምን መሰላችሁ? መጀመሪያ የተቃዋሚህን ሐሳብ ተናገር፤ ተቃዋሚህ ራሱ ‹አዎ፣ እኔም የምለው ይኼንኑ ነው› እስኪል ድረስ አሳምረህ። መልስህ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ባንኮኒዬን ተደግፎ የእኛን የእስላሞቹን ጥያቄ ሲያቀርብላችሁ፣ ወላሂ እኔ እንደዚያ አልችልም። ‹አጽብሐ፣ ከዚህ በኋላ የቀረህ አንዲት ቃል፣ ሸሃዳው ናት፤ በላትና እንገላገል› አልኩት። ወዲያው መነጽሩን አወለቀ፣ መልሱን ጀመረ። አምፖል ልትገዛ የመጣች ደንበኛዬ አምፖሏን ረስታ ሄደች።»

ወንዶቹ እንደገና ሳቁ። ሁለቱ ሴቶች አልሳቁም። «አየሽ?» አለች አንደኛዋ፣ «እስላሙም መሰከረ።»

ሰምሃር ፔርሙሱን አስቀመጠች።

ትምህርቱ የሚሰጥበትን ቴሌግራም የጫነችለት እሷ ናት። በአንድ ጣቱ ፊደል እየፈለገ ይጽፍ ስለነበር መምህሩ አዘነለትና የቤት ሥራውን በድምፅ እንዲልክ ፈቀደለት። ትምህርቱ መንፈሳዊ ጽሑፍ አጻጻፍም ነበረበት፤ እሱን «ጣቴ ሲፈታ እደርስበታለሁ» ብሎ አቆየው። የስልኩን የምስጢር ቁጥር ራሱ ቀይሮ ሳምንት ሙሉ ተኩራርቷል። እሷ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ሳቀችበት።

«አባዬ፣ እግዚአብሔር ጠበቃ ያስፈልገዋል እንዴ?»

«ለእሱ መሰለሽ? እሱማ ምን ይሆናል። የምናወጠው እኔ ነኝ እንጂ።»

እንደማታምን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። የነገረችው የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆና፣ ለፋሲካ ቤት የመጣች ጊዜ ነው። አልተቆጣም። «ለእቴ ዓለም እንዳትነግሪያት» ብቻ አላት። «እስክመልስልሽ በእኔና ባንቺ መካከል ይቆይ።» ከዚያ በኋላ አንድ ነገር በጠየቀችው ቁጥር መነጽሩን አውልቆ ይሰጣታል። «ያዢልኝ።» ፊቷ ሲደበዝዝበት የተሻለ ያስባል። «አንቺን እያየሁ ልክ ትመስይኛለሽ» ይላት ነበር። መልሱን ሲጨርስ እጁን ይዘረጋል፤ ትመልስለታለች። አንዳንዴ መልሱ ደካማ ነበር፣ እሱም ያውቀዋል። ያን ጊዜ መነጽሩን ሲቀበላት «ይኼኛው አይቆጠርም» ይላል።

እቴ ዓለምን ማድ ቤት አገኘቻቸው። ዓለምጸሃይ የአባቷ እህት ናቸው፤ እናቷ ከሞተችበት ቀን ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሲኒ እያጠቡ ነበር። የታጠበውን መልሰው ያጥባሉ።

«እቴ፣ ጠዋት ለብቻችሁ ስታወሩ አባ ዘርኡን ምን ብለዋቸው ነው?»

«ምንም።»

«ሰፈሩ ሁሉ ያወራል እኮ። ካደ እያሉት ነው።»

እቴ ዓለም ሲኒውን ውኃ ውስጥ ለቀቁት። ጀርባቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ።

«በዚያች በመጨረሻዋ ምሽት ሰማሁት። አንቺ ከወጣሽ በኋላ።» በእሳቸውና በወንድማቸው ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ የሚባለው ስስ ጣውላ ነው፤ ሳል እንኳ አይደብቅም። «‹እናታችን ሞታ ከተቀበረች በኋላ ስንት ወር ነው ለጤናዋ የጸለይነው?› ይላል። ‹በጦርነቱ ጊዜ ሀገር ቤት ስልክ ተቋርጦ፣ መድኃኒቷን አጥታ ሞተች። እኛ ሳናውቅ ጠዋት ጠዋት ጊዮርጊስ ደጅ ቆመን አደራህን ጠብቅልን እንላለን። ያን ሁሉ ጸሎት ማን ነው ሲቀበል የከረመው? የሚሰማ ካለ፣ ተዉ፣ ሞታለች፣ አልቅሱላትና እረፉ አይልም?› እንዲህ አለ። ወንድሜ። በገዛ አፉ። ከዚያ ዝም አለ። ጠዋት ስቀሰቅሰው ቀዝቅዟል።»

ሰምሃር የማድ ቤቱን በር ያዘች።

«ለነፍስ አባቱ ብደብቅ ምን ይጠቅመዋል?» አሉ እቴ ዓለም። «እሳቸውም ደነገጡ። ክዶ ከሆነ ጸሎቱ እንዴት ይሆናል፣ አባቶችን ልጠይቅ አሉኝ። በእህትነቴ ለነፍሱ ብዬ ነው እንጂ ላሳማው መሰለሽ?»

ቃሉ የሰምሃር የራሷ ነው። እንዲያውም ከእሷ ይልቅ አሳምሮታል፤ «አልቅሱላትና እረፉ» የሚለውን እሷ አላለችም። እሷ ያለችው ቆማ፣ ቦርሳዋን አንግታ ነበር። ቦሌ የጓደኛዋ የልደት እራት ነበር፤ የጠራችው ራይድ ውጪ ደርሶ ክላክስ ያደርጋል። ስለ አያቷ የጀመሩት እንዴት እንደሆነ እንኳ አሁን አታስታውስም። ጥያቄውን ወረወረችበት። አባቷ መነጽሩን አወለቀ።

«ያዢልኝ።»

«አባዬ፣ ሰውዬው እየጠበቀኝ ነው።» መነጽሩን ተቀብላ ፍሪጁ ላይ አስቀመጠችው።

«እሺ። ስትመለሺ እመልስልሻለሁ።»

ስትመለስ ክፍሉ ጨለማ ነበር።

ማድ ቤቱ ደጃፍ ቆማ ነገሩን እንደ ሒሳብ ልትሠራው ሞከረች። ዝም ብትል ምን ይቀራል? አንድ ጸሎት። ለእሷ ሰሚ የሌለው ጸሎት ነው፤ ቢቀርም ባይቀርም ያው። ብትናገር ግን ያሳደጓትን እቴ ዓለምን፣ ወንድማቸውን በቀበሩ ማግስት ልጃቸውንም ልትቀብርባቸው ነው። ሒሳቡ ግልጽ ነበር። ችግሩ፣ አባቷ ያን ጸሎት ይፈልገው ነበር። ደግሞም አልካደም። እሱ በሌለበት ሰው ሁሉ እየተነሳ እሱ ያላለውን ሲያወራበት መስማት አልቻለችም።

ነጠላዋን ሳታጣፋ ወደ ጊዮርጊስ ወጣች። አባ ዘርኡ በቅጽሩ በር አጠገብ ከአንድ ዲያቆን ጋር ያወራሉ።

«አባ፣ ይምጡ።»

«ልጄ፣ ነገ እስቲ…»

«ነገ ሣልስቱ ነው። አሁን ይምጡ።»

ዲያቆኑ አፉን ከፈተ። አባ ዘርኡ ግን ጃንጥላቸውን አነሱ።

አባቷ ክፍል ውስጥ እቴ ዓለም ከአልጋው ጫፍ፣ አባ ዘርኡ ከአባቷ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ዘይኑዲን በሩ ላይ ሽቦ ይጠቀልላሉ፤ ሊወጡ ሲሉ ሰምሃር «ይቀመጡ፣ እርስዎም ይስሙ» አለቻቸው።

የአባቷን ስልክ ከመሳቢያ አወጣች። ከማለዳ ጀምሮ ይንጫጫል። የምስጢር ቁጥሩን አታውቀውም፤ ስልኩን በአሻራው የሚከፍተው ጣቱ ደግሞ ከእሱ ጋር ሄዷል። ግን ተቆልፎም ቢሆን መልእክቱ ስክሪኑ ላይ ይነበባል። ለአባ ዘርኡ አቀበለቻቸው። ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ጮክ ብለው አነበቡት።

«አቶ አጽብሐ፣ የጥያቄው ክፍል በድምፅ ደርሶናል። እስካሁን ከቀረቡት ሁሉ ጠንካራው ነው። የመልሱን ክፍል እየጠበቅን ነው።»

«መምህሩ ነው» አለች ሰምሃር። «መሞቱን አልሰማም። እቴ ዓለም የሰሙት የቤት ሥራው መጀመሪያ ነው።»

«አላልኳችሁም?» አሉ ጋሽ ዘይኑዲን።

አባ ዘርኡ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «ጥያቄ መሆኑ ገባኝ። የማን ጥያቄ ነው? እናቱን እያነሳ ነው የተናገረው። የራሱ ከሆነ ያው ነው።»

«የእሱ አይደለም። የእኔ ነው።»

እቴ ዓለም ቀና አሉ።

«ያንቺ ማለት» አሉ አባ ዘርኡ በዝግታ፣ «ለቤት ሥራው እንዲሆነው ያልሽለት ነው። እንዲያው ልታግዢው።»

ሽማግሌው በር ከፍተውላት ነበር። አዎ ብትል ሁሉም ነገር እዚያው ያልቅ ነበር፤ ጸሎቱም ይደረጋል፣ እቴ ዓለምም ምንም አይሰሙም። ግን አባቷ ጥያቄዋን ቀልድ አድርጎ ተቀብሎት አያውቅም። የምሯን መሆኑን አውቆ ነው ያን ምሽት ብቻውን ተቀምጦ፣ የገዛ እናቱን ሞት በአፉ ይዞ፣ እንደዚያ አሳምሮ የተናገረላት።

«አይደለም» አለች። «የምሬን ነው። እኔ አላምንም፣ አባ። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ። እሱ ያውቅ ነበር። እሱ ግን ያምን ነበር። ትምህርቱንም የጀመረው ለእኔ ሊመልስልኝ ነው።»

የመጨረሻውን ከዚያ በፊት አስባው አታውቅም። ከአፏ ሲወጣ ነው እውነት መሆኑን የተረዳችው።

ጋሽ ዘይኑዲን የጠቀለሉትን ሽቦ ፈትተው እንደገና ይጠቀልላሉ። ሰምሃር እቴ ዓለም እስኪጮሁ ጠበቀች። ደረታቸውን እስኪመቱ፣ ማርያምን እስኪጠሩ።

እቴ ዓለም አልጮሁም። «እና ምን ብሎ መለሰልሽ?» አሉ።

«ምኑን?»

«የእናቴን ነገር። ለምን ጸለያችሁ ላልሽው። ምን ብሎ መለሰልሽ?»

«አልመለሰልኝም፣ እቴ። መኪና እየጠበቀኝ ነበር።»

እቴ ዓለም ወደ ኮምፔንሳቶው ግድግዳ አዩ። «እኔም ከዚያ ወዲያ ሆኜ ጠብቄዋለሁ» አሉ። «አሁን ይቀጥላል፣ አሁን ይናገራል እያልኩ ጆሮዬን አስደግፌ። ያንን ነገር እኔም ስንት ሌሊት… ማንን እጠይቃለሁ? ከዚያ መብራቱን አጠፋ።»

አባ ዘርኡ ተነሱ። ስልኩን ለሰምሃር መለሱላት፤ ዓይኗን አላዩም።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ» አሉ። እስቲ አላሉም። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። «አንቺም ትኖሪያለሽ?»

«እኖራለሁ።»

በሣልስቱ ጠዋት ድንኳኑ ሞላ። ሰምሃር ሰው ሳይመጣ ተነስታ ወጥ አሙቃለች፣ ወንበር ደርድራለች። እቴ ዓለም ከምሽቱ ጀምሮ አላናገሯትም። ተቆጥተው ይሁን ደክሟቸው አልለየችውም፤ አልጠየቀችም። ውኃ ልታወጣ ፍሪጁን ስትዘጋ መነጽሩ ላዩ ላይ እንዳስቀመጠችው ነበር። አንዱ መስታወት ላይ የአውራ ጣቱ ምልክት አለ። ልትወለውለው ነጠላዋን አነሳች፤ ተወችው። የመነጽሩን ሁለት እግሮች ዘርግታ፣ እሱ እንደሚሰጣት አድርጋ፣ በቀኝ እጇ ያዘችው።

አባ ዘርኡ ጸሎቱን ጀመሩ። ሰው ሁሉ ቆመ። ሲያማትቡ ሰምሃር አላማተበችም። ጋሽ ዘይኑዲን ከድንኳኑ ውጪ፣ ከሽቦው አጠገብ፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። «ነፍሰ አጽብሐ» የሚለው ድምፅ በመጣ ቁጥር ሰምሃር አንገቷን ቀና ታደርጋለች፤ አንድ ሰው ሊናገር ሲል እንደሚጠበቀው።

ጸሎቱ አልቆ ሰው ሲቀመጥ እቴ ዓለም ንፍሮ በሳህን ይዘው ዞሩ። ለእያንዳንዱ ሰው ያፍሱለታል፤ ሰውም ሁለት እጁን አጋጥሞ ይቀበላል። ሰምሃር ጋ ደረሱ።

እጇን አልዘረጋችም። እቴ ዓለም ጠበቁ፤ ከዚያ ዝቅ ብለው አዩ። መነጽሩን አዩት።

«ያዢልኝ ብሎኝ ነው» አለች ሰምሃር።

እቴ ዓለም ሳህኑን በክንዳቸው አስደግፈው ጎንበስ አሉ። የነጠላዋን ጫፍ ጭኗ ላይ ዘረጉት፣ ንፍሮውን እዚያ አፈሰሱላት፣ ጫፉንም እንዳይበተን አጠፉላት። ከዚያ ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ።