የሦስት ላም ምትክ

እናታቸው የመጨረሻ ስድስት ዓመታቸውን ያሳለፉት ሴት ልጃቸው ቤት ነው። አልጋ ላይ ከዋሉ ጀምሮ ያጠበቻቸውም ያገላበጠቻቸውም እሷ ናት። አራቱ ላሞቻቸው ግን ታላቅ ወንድሟ ዘንድ ነበሩ። ከሞቱ በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ ሲከፋፈሉ ወንድሟ ተነሣና፣ «እናታችንን ያስታመመችው እሷ ናት፤ ዳልቻዋን ላም ትውሰድ። ብቻዋን የሦስቱን ያህል ትታለባለች» አለ። የቀሩትን ሦስቱን እሱ ወሰደ። እሷ አለቀሰች። ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ብድግ አደረጋት።

«እንዲህ ያለ ወንድም የት ይገኛል!» አሉ አክስታቸው።

ዳልቻዋ ጓሮዋ በገባች በሳምንቱ ወተት ጠፋ። ማታ ተወጥሮ ያደረ ጡት ጠዋት ሟሽሾ ይገኛል። መኖ ቀየረች፤ ጥጃዋን አርቃ አሰረች፤ ጎረቤቷን ሳይቀር በሆዷ ጠረጠረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረት ልትጠርግ ስትገባ፣ ላሚቱ አንገቷን አጥፋ የገዛ ጡቷን ስትምግ ደረሰችባት።

የእንስሳት ሐኪሙ መጣ። «ሾህ ያለው ቀለበት አፍንጫዋ ላይ እናደርጋለን፤ ልትጠባ ስትል ይወጋታል» እያለ አፍንጫዋን ዳሰሰ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በቅርበት አየው።

«ምነው ዶክተር?»

«ተበስታለች። አምና ወንድምሽ ዘንድ ሄጄ የበሳኋት እኔ ነኝ። ቀለበቱ ከወለቀ ወር አይሞላውም።»

እዚያው በረት ውስጥ ቆማ ደወለች።

«ጋሼ፣ ራሷን እንደምትጠባ ታውቅ ነበር?»

«ተሻላት ብዬ ነዋ ቀለበቱን ያወለቅኩት!»

«ልንከፋፈል ስንል ተሻላት?»

«አንቺ ደግሞ! ጭራሽ ባልሰጥሽ ኖሮ ምን ልትይ ነበር?» ብሎ ዘጋው።

አዲሱ ቀለበት የላሚቱን አፍንጫ አደማው እንጂ መጥባቱን አላስተዋትም። ብዙም ሳይቆይ አንዱ ጡቷ አብጦ መግል ያዘ። ሐኪሙ፣ «ከእንግዲህ ለሥጋ ካልሆነ አትሆንሽም» አላት። ጭነው ሲወስዷት ወጥታ አላየችም።

ወንድሟ ቤት መሄድ ስትተው አክስታቸው መጡ።

«በላም ወንድም ይጣላል? ያውም ምርጧን ሰጥቶሽ!»

«እትዬ፣ አፍንጫዋ እኮ...»

«ተይ ልጄ፤ እናታችሁን በመቃብሯ አታሳፍሪያት። ሰው ሁሉ ውለታ ቢስ እያለሽ ነው።» ከዘንቢላቸው አንድ ጆግ ወተት አወጡ። «ልጅሽ ወተት እንዳታጣ ብሎ የላከው እሱ ነው።»

ልድፋው ብላ አነሣችው። ልጇ በር ላይ ቆማ ታያለች። አፈላችና ለልጇ ቀዳችላት።

«ተባረኪ» አሉ አክስታቸው፣ «ደስ ብሏት ተቀበለች ብዬ እነግረዋለሁ።»