ያልተሰደበበት ቀን

ሃማት የፖዶርን ምሽግ የብረት በር በትከሻው እየገፋ ወደ ኋላው ዞረና፣ "አንተ ሆዳም፣ ጌታህ በር ሲገፋ ቆመህ ታያለህ?" አለ።

ላቲር ፈጠን ብሎ መጣና አብሮት ገፋ። "ይቅርታ፣ ወንድሜ" አለው።

በሩ ተከፈተ፤ የሃማት እጅ ግን ብረቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ሃማት የወንዙ ዳር ተወላጅ፣ በጎሣው ቱኩለር ነው፤ በወንዙ ላይ በምትመላለስ የቱሪስት መርከብ አስጎብኚ ነው። ላቲር የመርከቧ ወጥ ሠሪ ሲሆን በጎሣው ሴሬር ነው። ቱኩለርና ሴሬር ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሲገናኙ መሰዳደብ ግዴታቸው ነው፣ የሚቀየም ሰው መሳቂያ ይሆናል። ላቲር በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሃማትን አንድም ቀን "ወንድሜ" ብሎት አያውቅም። ሲጠራው "አሽከሬ" ነው፣ ሲብስበት "የዓሣ ሌባ"።

ሃማት ከጠዋት ጀምሮ የሆነውን መገጣጠም ያዘ። ቁርስ ላይ ላቲር ወፍራሙን የዓሣ ቁራጭ እሱ ፊት አስቀምጦ ነበር። ያን ጊዜ ተንኮል መስሎት ስቆበታል። አሁን ደግሞ ሰውየው ድስቱን ለረዳቱ ትቶ፣ ምንም ጉዳይ በሌለው ምሽግ ውስጥ እግር በእግር ይከተለዋል።

የሃማት ልጅ ባይላ ከሳን ሉዊ ዳርቻ በዓሣ አጥማጆች ጀልባ ወደ ስፔን ከተነሣ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። እስካሁን ለእሱም ለእናቱ ለታኮም አልደወለም።

ቢሆንም ሥራ ሥራ ነው። ሃማት ጡረተኞቹን ፈረንሳውያን በግቢው እያዞረ መድፎቹንና የአዛዡን ክፍል አሳያቸው፤ ጥንት በወንዙ ይጫን ስለነበረው ሙጫም አወራላቸው። ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ አሮጊት የምሽጉን ድንጋይ ተሸክመው ያመጡት ሰዎች ስማቸው የት እንደተጻፈ ጠየቁት። ለዚህ ጥያቄ ዘጠኝ ዓመት ያልተለወጠ መልስ አለው።

"የእነሱ ስም አልተጻፈም፣ እመቤቴ። ሴሬሮች ስለነበሩ ምሳቸውን በልተው ጠፍተዋል" አለና ላቲርን አየው።

ፈረንጆቹ ሳቁ። ላቲር ይህን ቀልድ በሰማ ቁጥር ከየትም ሆኖ ስድቡን ይመልስ ነበር። ዛሬ ግን አንገቱን ደፍቶ የግድግዳውን ኖራ በጥፍሩ ፋቀ፣ ሃማትም ፈራ።

ከሰዓት በኋላ በትንሿ ጀልባ ወፎቹ ወደሚሰፍሩበት ገባር ወረዱ። ፈረንጆቹ አቅርቦ ማያቸውን ዓይናቸው ላይ ደቅነው ወፎቹን ያዩ ጀመር። ሃማት ላቲርን ይዞ ከዳር ካለው ግራር ሥር አስቀመጠው። በመንገድ ላይ የሚያውቀውን ስድብ ሁሉ ሞክሮበታል፤ እናቱንም የአያቱንም መቃብር አልማረም። አንዱም መልስ አላገኘም።

"ስደበኝ" አለው።

"ተው፣ ሃማት።"

"አንድ ጊዜ ብቻ። አሽከሬ በለኝና ልረፍ።"

የላቲር ዓይን እንባ ሞላ።

"የታኮ ወንድም ትናንት ማታ ደወለልኝ" አለ በመጨረሻ። "ሃማት ካንተ አፍ ሲሰማው ይቀለዋል አለኝ። እኔ ምኑን አቀልለዋለሁ? ጀልባዋ ተገልብጣለች። ከተረፉት አንዱ የሰፈራችሁ ልጅ ነው። ባይላን ሲሰጥም በዓይኑ አይቶታል።"

ሃማት ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ልጁን ዋና ያስተማረው እዚሁ ወንዝ ውስጥ ነበር፤ ባይላም ጎበዝ ዋናተኛ ነኝ ብሎ ነው የሄደው። ሃማት ራሱን ረገመ። ጭቃውን እየጨበጠ፣ ድምፁ ወፎቹን ወደሚያዩት ሰዎች እንዳይደርስ ተጠንቅቆ አለቀሰ።

"ታኮስ?" አለ ቆይቶ።

"አልሰማችም። ነገ ሳን ሉዊ ስንደርስ፣ አንተ ባለህበት፣ ሰው ተሰብስቦ ይነገራታል። መርዶ በስልክ አይሆንም።"

ብዙም ሳይቆይ የሃማት ስልክ ጮኸ። ታኮ ነበረች፤ በየቀኑ በዚህ ሰዓት ትደውላለች። ላቲር አታንሳው የሚል ምልክት ሰጠው። ባያነሳው ግን ባሏ ስልክ ያላነሳበትን ምክንያት አስባ እንደምትጠረጥር ሃማት ያውቃል። ጉሮሮውን ጠረገና አነሳው።

"ያ ሆዳም ዛሬ ምን ብሎ ሰደበህ?" አለችው እንደ ልማዷ።

ሃማት አንድ ስድብ ፈልጎ አጣ።

"ምነው ዝም አልክ?" ድምፅዋ ተለወጠ። "ሃማት? ላቲር ምን አለህ?"

ስልኩን ወደ ላቲር ዘረጋው። "ስደባት" አለው በሹክሹክታ።

ላቲር ራሱን ነቀነቀ። ሃማት ግን እጁን አልሰበሰበም። ወጥ ሠሪው ፊቱን በሸሚዙ ጠርጎ ስልኩን ተቀበለ።

"አንቺ የዓሣ ሌባ!" አለ ጮክ ብሎ። "ባልሽ ቁርሴን በልቶ አፉን መክፈት አቅቶታል። ነገ ጌታሽ ስለምመጣ ሩዙን ከምትደብቂበት አውጪው!"

የታኮ ሳቅ ከስልኩ ወጥቶ ግራሩ ሥር ተሰማ። ላቲር ስልኩን ሊመልስለት ሲል ሃማት እጁን ያዘው።

"ጨምርላት" አለው።