የተመለሰው በግ

ወለላ ሰነፍ ልጅ አልነበረችም። ገበያ ተልካ ሒሳብ አትሳሳትም፤ ቅዳሴውንም ከነዜማው በቃሏ ይዛዋለች። ነገር የሚበላሸው ፊደል ላይ ሲደረስ ነው። ፊደሎቹ፣ እሷ እንደምትለው፣ ትክ ብላ ባየቻቸው ቁጥር ይተራመሱባታል። በዚህ የተነሳ አስተማሪ የተባለ ሁሉ ጆሮዋን ሲጠመዝዛት ኖረ። እናቷ ሰርኬም ወገዳ ዙሪያ ልጇን ያላስጠመቀችበት ጸበል አልነበረም።

መምህር ቀለመወርቅ ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ጆሮዋን አልነካም። የራሱን ላፕቶፕ ከፍቶ ፊቷ አስቀመጠላት። ማሽኑ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነባል፤ የሚያነበው ቃል ደግሞ እየደመቀ ይሄዳል። ወለላ በጣቷ እየተከተለች አንድ ገጽ ጨረሰች። ቤት ስትገባ «እማ፣ ፊደሉ ቆመልኝ» አለቻት። ሰርኬ እልል ልትል ቃጣት፤ ጎረቤት ምን ይላል ብላ ተወችው።

እንደ ወለላ ያሉ ልጆች ብዙ ነበሩ፤ ላፕቶፑ ግን አንድ። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ በገበያ ቀን፣ ገበያው መሃል ለኮምፒውተር መግዣ ገቢ ማሰባሰቢያ አዘጋጀ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ነጋዴው ዋሴ ሆነ፤ ከእህሉ ይልቅ ምላሱ የሚሸጥለት ሰው ነው። ሰርኬ የምትሰጠው ብር ስላልነበራት ለፋሲካ ያሰበችውን አንድ በጓን ጎትታ ሄደች።

በጉ ለጨረታ ቀረበ። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ጨረታ ያሸነፈ ሰው ዕቃውን ይዞ አይሄድም። ከፍሎ «መልሻለሁ!» ይላል፤ ይጨበጨብለታል፤ ዕቃው እንደገና ይሸጣል። ይዞ የሄደ ስሙ ይጠፋል። የሰርኬም በግ እየተሸጠ ተመለሰ፣ ደግሞ ተሸጠ፣ ደግሞ ተመለሰ። በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር ሰዉ ወደ አህያውና ወደ ጭነቱ ማየት ጀመረ። ጨረታው ቀዘቀዘ።

ዋሴ ወደ ሰርኬ ጠጋ አለ። «ሰርኬ፣ ሰው ችግሩን በዓይኑ ካላየ እጁን ኪሱ አይከትም። ልጅቱ ትውጣና ታንብብ።»

«አታነብማ፣ ጋሽ ዋሴ!»

«እሱን አይደል የምልሽ!»

ቀለመወርቅ ሰምቶ ተቆጣ። «ነውር ነው! ልጅቷን እንዳትነኳት!» አለ። የሰማው የለም። ወለላ እናቷን አየቻት። አትሂጂ እንድትላት ነበር የምታያት፤ ይህን ሰርኬ አላጣችውም። ግን ኮምፒውተሩን አሰበች፣ የቆመውን ፊደል አሰበች።

«ውጪ ልጄ፤ ላንቺው ብለው ነው» አለቻት።

መጽሐፍ አስያዟት፤ ማይክሮፎኑን አፏ ላይ ደቀኑት። «በ... በ...» አለች ወለላ። ድምፅዋ ገበያውን ሞላው። ከኋላ ልጆች ሳቁ። «እዩዋት ይችን ምስኪን! ይህን አክላ ፊደል አትለይም!» ሲል ዋሴ፣ አሮጊቶች አለቀሱ፣ ብሩ ዘነበ። የመጨረሻው ተጫራች በጉን አሸንፎ «ለምስኪኗ እናት ይመለስ!» አለ። ጭብጨባው ቀለጠ። ሰርኬ በአንድ እጇ በጉን፣ በአንድ እጇ ልጇን ይዛ ቤቷ ገባች።

ሰኞ ትምህርት ቤት አልሄደችም፤ ከዚያም በኋላ አልሄደችም። ውኃ ስትቀዳ እንኳ ልጆቹ ከሩቅ «በ... በ...» ይሏታል። ቀለመወርቅ ቤት ድረስ እየመጣ ቢለምናት ጓዳ ገብታ ትደበቃለች።

ኮምፒውተሮቹ የመጡት ከክረምት በኋላ ነው። ርዕሰ መምህሩ፣ «ወይዘሮ ሰርኬ፣ ልጅዎን ለኮምፒውተሮቹ ምረቃ ያምጧት፤ እንግዶቹ ከደብረ ታቦር ይመጣሉ» ብሎ ላከባት። ወለላ እምቢ አለች። ሰርኬ ብቻዋን ሄደች።

ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው ፍቅርተ ነበረች። ፍቅርተ የዋሴ ልጅ ናት፤ ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ። ማሽኑ ገና አፉን ሳይከፍት ጽሑፉን አንበለበለችው።

«ይኸውላችሁ! አንድ ፊደል የማትለይ ልጅ ነበረች!» አለ ዋሴ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

እንግዶቹ በአድናቆት ተነሡ። የወገዳ ሰው ፍቅርተን አሳምሮ ያውቃታል፤ እንግዳ ፊት ግን ማን አፉን ይከፍታል? ቀለመወርቅ ጥሎ ወጣ። አጠገቧ የነበረች ሴት ሰርኬን ጎሸም አደረገቻት። «እልል በይ እንጂ፣ ያንቺም በግ አለበት!»

ሰርኬ እልል አለች። ከጉሮሮዋ ሲወጣ ለራሷ አስጠላት።

ቤት ስትደርስ ወለላ ምስር ትለቅማለች።

«እማ፣ ማን አነበበ?»

«ፍቅርተ።»

ወለላ ምስሩን በሰፌዱ አበጠረችው፤ ጠጠሩን አንሥታ ወረወረች።

«በጉን መለሱልሽ» አለች ቀና ሳትል፤ «እኔንም ያን ቀን ሸጣችሁኛል። እኔን ማን ይመልሰኝ?»

ደጅ ለፋሲካ ሳይታረድ የቀረው በግ ርቦት ይጮኻል። ወለላ ሰፌዱን አስቀምጣ ሣር ልትሰጠው ወጣች።