የሦስተኛው ሞተር ዕድሜ

በናፍጣ በሚሠራው የመብራት ማመንጫ ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉታል፤ ሞተር ገና ሳይበላሽ ድምፁን ሰምቶ የቱ ጋ እንደታመመ ስለሚናገር። አንዲት ልጅ አለችው፤ የመብራት ድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ ጥናት ክፍል ነው የምትሠራው። ስለ እሷ ሲያወራ አፉን ሞልቶ ነው።

አንድ እሑድ ምሳ በልተው እንዳበቁ ወንበሯን ወደ እሱ ጠጋ አደረገች።

«አባዬ፣ ሦስተኛው ሞተር ስንት ጊዜ ይቆያል? መዝገብ ላይ ያለውን ሳይሆን እውነቱን ንገረኝ።»

ደስ አለው። ስለ ሥራው ከጠየቀችው ስንት ዘመኗ! የሞተሩ ዘንግ ማለቁን፣ ቢበዛ ዓመት ቢቆይ እንደሆነ፣ ጣቢያው እንዳይዘጋባቸው ሲሉ መዝገብ ላይ «ደህና» እያሉ እንደሚጽፉ አንድ ሳያስቀር ዘረገፈላት። ግንባሩን ስማው ሄደች።

ከሁለት ወር በኋላ ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ ግድግዳው ላይ ሠንጠረዥ አበራ።

«ሞተሮቹ በእጃችን ስላሉ ናፍጣው የሚያዋጣ መስሎን ነበር። ሦስተኛው ግን ከዓመት አያልፍም። ሌላ ገዝተን ናፍጣ ከምናቃጥል፣ ነፋስና ፀሐዩ ከነባትሪው በግማሽ ዋጋ ይወጣልናል።»

መጨረሻው ገጽ ላይ የጥናቱ አዘጋጆች ስም ወጣ። የጆሮ ልጅ ስም አንደኛ ነበር።

ሃያ ዓመት ምሳውን አብሮት የበላው በያጅ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ዞር ብሎ አየው።

«ይህን የምናውቀው አራት ሰዎች ነን» አለው። «ሸጥከን!»

ብድግ ብሎ ሌላ ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

ጆሮ የሥራ ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ በቀጥታ ወደ ልጁ ቢሮ ሄደ። ስታየው አስገብታው በሩን ዘጋችው።

«ቁጥሩ ስህተት አለው እንዴ አባዬ?»

«የለውም።»

«ታዲያ ሰዉ መብራት በእጥፍ ይግዛ?»

«እሱን መች አልኩ! እኔ የነገርኩት ለልጄ ነው። ለጥናት ነው ብትይኝ ምን ነበረበት?»

«እንደዚያ ብልህ ኖሮ ትነግረኝ ነበር?»

 እንደማይነግራት ታውቅ ነበር ማለት ነው። ያን ቀን ወንበሯን ስታስጠጋ አስባበት ነው። ደረጃውን ወረደ።

በዓመቱ ሞተሮቹ ቆሙ። የመብራት ዋጋ ቀነሰ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ደስ አለው፣ ሚስቱም ጭምር። ከሠራተኛው ገሚሱ ወደ ፀሐይ ጣቢያው ተዛወረ። እሱንም ጠርተውት ነበር፤ «ይቅርብኝ» ብሎ ጡረታ ወጣ። በያጁ መንገድ ላይ ሲያየው ወደ ማዶ ይሻገራል።

ልጁ በየሳምንቱ ትደውላለች። ስልኩን ያነሳና «ደህና ነን» ብሎ ለእናቷ ያቀብላል።

«ምናለ ብታናግራት?» አለችው ሚስቱ አንድ ቀን።

«ምን ልበላት? የምለውን ደግሞ ጥናቷ ላይ እንድትጽፈው?» አለና ጓሮ ወጣ።