የኤርካሎ ክር

ሶዶ ውስጥ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ሜትር የማይገባበት አንድ ቤት አለ። ቤቱ የአሳየሽ ነው። አሳየሽ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን አርባ ዓመት ሙሉ የቤተሰቧን ልብስ ራሷ ስትሰፋ ጠበበኝ፣ ሰፋኝ ያላት ሰው የለም። ቢጠበውም ደፍሮ የሚናገር አልተወለደም።

የእሷ መለኪያ ክር ነው። ለእያንዳንዱ የቤቷ ሰው አንድ አንድ ክር አላት፤ የመጀመሪያው ቋጠሮ ትከሻ፣ ሁለተኛው ደረት፣ ሦስተኛው ቁመት። ክሮቹ ከስፌት መኪናዋ በላይ ምስማር ላይ ይሰቀላሉ። ክር የሌላት ምራቷ ሔርሜላ ብቻ ናት። ሔርሜላ የገሱባ ከተማ ልጅ ስትሆን፣ ሥራዋ መሬት መለካት ነው፤ ከአሳየሽ ልጅ ጋር ከተጋባች ስድስት ዓመቷ።

«ከተማውን በሜትር የምትለካ ሴት የእኔ ክር ምን ያደርግላታል?» ትላለች አሳየሽ። ነገሩ በዚያው ይዘጋል።

ዘንድሮ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ጊፋታ፣ ሲቃረብ ጎረቤቷ ቦልቴ ከሱቅ የዱንጉዛ ቀሚስ ገዝታ መጣች። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመሩን እያገላበጠች በአጥር ላይ አሳየቻት።

«አላማረብኝም?»

«አምሮብሻል። የግራው መስመር ከቀኙ ጋር ተኳርፏል እንጂ። ኪሱስ የታለ?»

«የዘንድሮ ቀሚስ ኪስ የለውም እቴ።»

«ታዲያ እጅሽን የት ልታደርጊው ነው? ሰው ላይ ስትቀስሪ ልትውዪ? ቆይ ብቻ፤ ለጊፋታ ራሴ የሰፋሁትን ለብሼ ስወጣ ያኔ ቀሚስ ታያለሽ።»

ይኼን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ቦልቴ የሰማችውን አታስቀርም።

እውነቱን ለመናገር፣ በአርባ ዓመት ውስጥ ለራሷ የደረሳት ቁርጥራጩ ነበር። በማግስቱ ገበያ ወጥታ ሙሉ የዱንጉዛ ጨርቅ ገዛች። ከዚያ ከምስማሩ የራሷን ክር አወረደች። ሰው የገዛ ጀርባውን መለካት አይችልምና፣ ክሩን የቋጠረላት የዛሬ ሃያ ዓመት ሟቹ ባሏ ኤርካሎ ነው።

ሔርሜላ በሩ ላይ ቆመች። «እማማ፣ ልለካዎት?»

«ተለክቻለሁ» አለቻት፣ ቀና ሳትል።

ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ቀናት የደስታ ነበሩ። መቀሱ አዲሱን ጨርቅ ግርጭ ግርጭ እያደረገ ሲገባበት ሆዷ ይርሳል። የግራው መስመር ከቀኙ እስኪገጥም ሦስት ጊዜ ተረተረች። ማንም የማያየውን የውስጡን ስፌት ከውጪው አስበልጣ አሳመረችው፤ «እግዜር የሚያየው በውስጡ ነው» እያለች። ኪሱንማ አንድ ሙሉ በቆሎ እንዲውጥ አድርጋ አወጣችው።

የጊፋታ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ቀሚሱን ለበሰችው።

ትከሻው ክንዷ ላይ ወረደ። ጫፉ ወለሉን ጠረገ። ውስጡ ለአንድ እንግዳ የሚበቃ ቦታ ተርፏል። አሳየሽ መጀመሪያ ጨርቁን ረገመች፤ ቀጥላ «ክረምቱ አርጥቦ ለጥጦታል» ብላ ክሩን፤ በመጨረሻ መስተዋቱን። ሃያ ዓመት እሷን ምን እንዳደረጋት ግን አልጠየቀችም። ነገ ቦልቴ አጥሩ ላይ ተደግፋ ስትስቅ ታያት። ለመተርተር ጊዜ የለም።

በዚህ መሃል ሔርሜላ ከሥራ ገባች። አየች። ባለችበት ቆመች።

«ምን ያፈዝሻል? የአንቺ ነው» አለች አሳየሽ። «መሬት እንዳይነካ እየሞከርኩት ነው። ልበሺ!»

ሔርሜላ ለበሰችው። ልክክ አለ። እላይዋ ላይ የተሰፋ ነው የሚመስለው። እጇን ኪሱ ውስጥ ከትታ ፈገግ ስትል፣ አሳየሽ ፊቷን አዞረች፤ ማማሩ አናዷት ነበር።

በበዓሉ ቀን አሳየሽ አሮጌ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች።

«የታለ ያልሽው ቀሚስ?» አለች ቦልቴ፣ ገና ከሩቅ።

«ምራቴን አታዪም? እኔ ቤት መጀመሪያ የምትለብሰው ምራት ናት።»

ቦልቴ ቀሚሱን ዞራ አየች። ስፌቱን ገልብጣ መረመረች። ነቀፋ አጣችና እንባ ቀረሽ ሆና «እንዲህም ያለች አማት አለች!» አለች፤ እንደ ልማዷም ሰፈሩን አዳረሰችው። ሳምንት ሳይሞላ ሦስት አማቶች «ምራቶቻችን ለእኛም ይሰፋልን አሉን፤ አስከፋሽብን» ብለው ሊወቅሷት መጡ። አሳየሽ በደግነት ስሟ ሲነሣ የዚያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነው፤ የደግ ስም እንዴት እንደሚለበስ ጠፋት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ዱንጉዛ ገዝታ ገባች። ምራቷን ጠራች።

«ክር ያዢ። ሜትርሽን እዚያው ተዪው።»

ሔርሜላ ለካች፤ ቋጠረች። አዲሱ ሦስተኛ ቋጠሮ ከኤርካሎው ቋጠሮ በአራት ጣት አጠረ።

«ጎንበስ ብዬ ነበር። ድገሚ።»

ደገመች። ያው አራት ጣት ነው።

«መሬቱንም እንዲህ ነው የምታሳጥሩት?»

«መሬት እንኳ ቀጥ ብሎ ይለካል፣ እማማ» አለች ሔርሜላ ሳቋን ውጣ።

አሳየሽ ክሩን ከእጇ ተቀበለች። አዲሱን ክር ምስማሩ ላይ ሰቀለች። አሮጌውን አውርዳ በጣቶቿ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ዳበሰችና ለምራቷ ዘረጋችላት።

«እንኪ፣ የአንቺ ነው። ኤርካሎ ብልህ ሰው ነበር፤ ገና ሳትመጪ ለክቶሽ ሄደ።»